ሆድ ይፍጀው ያሉ ልጆች

እስኪ ለአንድ አፍታ ቁጭ ብላችሁ አማርኛችን ለሆድ የሰጠውን የሥራ ብዛት ቁጠሩት። ሰው ሲከፋው ሆድ ይብሰዋል። ሲያዝን ሆዱ ይባባል። ተስፋ ሲያጣ ሆዱ ይቆርጣል። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ፣ እንባው ቅርብ የሆነው ሆደ ቡቡ ነው። የተኳረፉ ሰዎች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። የማይነገር ነገር የገጠመው ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይውጠዋል። አንጀትን ከነመላወሱና ከነቅቤው ብንጨምርበት ወረቀቱም አይበቃን። እንጀራ ከሚገባበት ይልቅ ሐዘን የሚገባበት ሆድ ነው ያለን ማለት ይቻላል።

እኛ የከተማ ልጆች ነገሩን አሳጥረነዋል። ጓደኛችን ሁለት ሳምንት ስልክ ሳያነሳ ይቆይና «ምን ሆነህ ነው?» ስንለው «ባክህ ደብሮኝ ነው» ይለናል፤ በቃ። ደብሮኝ ነው ማለት ቡድኔ ተሸንፎ ነው ሊሆን ይችላል። ከአልጋዬ መነሳት ካቃተኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። ቃሉ አንድ ነው። ጠያቂውም «አይዞህ ያልፋል» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ እኛ አይደለም፤ ቢያንስ እስከ መጨረሻው ድረስ አይደለም። ይህን የሆድ ቋንቋ ይዘው፣ ቋንቋው ወደማይታወቅበት አገር በአሥራዎቹ ዕድሜ ስለገቡ ልጆች ነው። ልጆቹ ከጎንደርና ከትግራይ ተነስተው እስራኤል የደረሱት ቤተ እስራኤሎች ናቸው። የስደተኛ ወጣት ጭንቀትና ድብርት ከየት እንደሚመጣ፣ ሐኪምም አስተማሪም ወላጅም እንዴት ሳያየው እንደሚያልፍ የእነሱን ያህል ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የእግር መንገድ

ጎረቤት «ፈላሻ» ይላቸው ነበር፤ እነሱ ስሙን አይወዱትም። ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው፣ በኦሪት ሕግ እየኖሩ፣ ኢየሩሳሌምን በጸሎት ሲጠሩ ዘመናት አስቆጠሩ። ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት፣ ደርግ መውጫውን ዘግቶ ሳለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤታቸውን ጥለው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። መንገዱ ሳምንታት ይፈጃል። ቀን ቀን ጫካ ውስጥ መደበቅ፣ ማታ ማታ መጓዝ፤ ከፊት ሽፍታ፣ ከኋላ ወታደር፣ ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር ጥም።

ሱዳን የደረሰውም አላረፈም። በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ጣቢያዎች ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ጠበቀ። 1984 ደግሞ የእኛው የ77ቱ ረሀብ ዘመን ነው። ጣቢያዎቹ በተራበ ሕዝብ ተጥለቀለቁ፤ በሽታም ገባ። በመንገድና በጣቢያዎቹ ያለቁት ቤተ እስራኤሎች ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ነበሩ። የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ታናናሾቻቸውን አዝለው ተጓዙ፣ ውኃ ቀዱ፣ የታመመ አስታመሙ። የሞተም ቀበሩ።

በጣቢያው ውስጥ ሌላም ሸክም ነበር። ሱዳን ከእስራኤል ጋር የጠላትነት ግንኙነት የነበራት አገር ስለሆነች ማንነታቸውን መደበቅ ነበረባቸው። ለልጅ የተሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ ማን ነህ ሲሉህ አትናገር፤ ከየት ነህ ሲሉህ አትናገር፤ ሰው ሲሞትብህ ጮኸህ አታልቅስ። ሆድ ይፍጀው።

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ዝምታው በመጀመሪያ በሽታ አልነበረም፤ ጥበብ ነበር። ሕይወት አትርፏል። ልጆቹ ከመንገዱ የተማሩት ትልቁ ትምህርት ሆዱን የቻለ ሰው ይደርሳል የሚል ነበር። ደግሞም ደረሱ።

ስም ሲቀየር

«ዘመቻ ሙሴ» የተባለው የአየር ማጓጓዝ ሥራ ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ተጀመረ። በእኛ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም ማለት ነው። አውሮፕላኖቹ ሌሊት ከካርቱም ይነሱና በብራስልስ በኩል ዞረው እስራኤል ይገቡ ነበር። በሰባት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ6,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። ብዙ ልጆች የገቡት ከአባትና ከእናት ተነጥለው ነው፤ ገሚሱ ወላጅ ሞቶበት፣ ገሚሱ ወላጁን አገር ቤት ወይም ሱዳን ትቶ።

መጀመሪያ የጠበቃቸው መዝጋቢ ጸሐፊ ነበር። ስምህ ማነው? ካሳ። የቤተሰብ ስምህስ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የራስ ስም አለ፣ የአባት አለ፣ የአያት አለ። የራስ ስም ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ነው። ካሳ የተባለ ልጅ ካለ ከእሱ በፊት የሄደ ነበር ማለት ነው። ማስረሻ ከተባለች እናቷ የምትረሳው ነገር ነበራት። ጸሐፊው ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። ስሙ ለአፍ አይመችም፣ አዲስ አገር አዲስ ስም ይሻላል ተባለና ብዙዎቹ እዚያው የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። የአያት ወይም የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ወንድማማቾች በተለያየ ቀን ስለገቡ ብቻ በተለያየ የቤተሰብ ስም የተመዘገቡበትም ጊዜ አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም እንኳን ደህና መጣህ ማለታቸው ነበር። ልጁ ግን እናቱ ብትፈልገው በማን ስም ትጠይቃለች?

ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት። ከ1980ዎቹ መጤዎች መካከል በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩት አብዛኞቹ የተላኩት «አሊያት ሃኖአር» (የወጣቶች ፍልሰት) በተባለው ድርጅት ሥር ወደነበሩት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። የዚህ ድርጅት ታሪክ ራሱ ትንሽ ልብ ይነካል። በ1933 ሬሃ ፍራየር የምትባል ሴት በርሊን ላይ የመሠረተችው ሲሆን ዓላማው የአይሁድ ልጆችን ከሂትለር ጀርመን ያለወላጅ አውጥቶ ፍልስጥኤም ውስጥ ማሳደግ ነበር። እየሩሳሌም ሆና ሥራውን የመራችው ሄንሪዬታ ሶልድ ናት። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ዳግም አላዩም። እንግዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው ድርጅት ከአፍሪካ የመጡ፣ ያለወላጅ የቀሩ ልጆችን ተቀበለ። አልጋው፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ ነበር። ያልነበረው የሚሰማ ጆሮ ነው፤ አማርኛና ትግርኛ የሚሰማ ጆሮ።

በሩ ሲዘጋ

ዘመቻው ምስጢር ነበር። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ የዓረብ አገሮች ተቆጡ፤ ሱዳንም ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 አስቆመችው። በዚያው ዓመት ማርች ላይ አሜሪካኖች 500 የሚያህሉትን በድንገት አወጡ። ከዚያ ወዲያ በሩ ተዘጋ። ኢትዮጵያና እስራኤል በ1973 ያቋረጡትን ግንኙነት የቀጠሉት በ1989 ነው፤ ትልቁ የመገናኛ ቀን ደግሞ በ1991 መጣ። ስለዚህ በ1984 የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ የገባ፣ እናቱን ሲያይ አሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያ ሞልቶታል።

ያንን ስድስት ዓመት እስኪ አስቡት። ልጁ ማታ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል። ስድስት ልጆች ይተነፍሳሉ። አንሶላው ንጹሕ ነው። እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም።

እኛ አገር ሐዘን ሥርዓት አለው። መርዶ ነጋሪ በሌሊት ይመጣል፤ ልቅሶ ይቀመጣል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ቀን ተቆጥሮ ተዝካር ይወጣል። ቤተ እስራኤሎችም የራሳቸው መርዶ፣ ልቅሶና ተዝካር አላቸው። ይህ ሁሉ ሥርዓት አንድ ሥራ ይሠራል፤ ሆድ ውስጥ ያለውን ጮኾ ያስወጣል። አሁን መርዶ ያልመጣለትን ሰው አስቡት። ሞተች እንዳይል አልተነገረውም፤ አለች እንዳይል ድምጿን አልሰማም። ማልቀስ ማሟረት ይሆንበታል፤ አለማልቀስ ክህደት። መብላት እንኳን ያሳፍራል፤ «እነሱ ምን እየበሉ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ከጉርሻ ጋር አብሮ ይመጣል። ድብርት የሚባለው ነገር ከዚህ የተሻለ ማሳ ከየት ያገኛል?

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። ልጆቹ ያን ሁሉ መንገድ የሄዱት አይሁድ ስለሆኑ ነው። ሲደርሱ የሃይማኖት አለቆቹ ስለ አይሁድነታቸው ጥርጥር አለን፣ ለማረጋገጥ በውኃ መጥለቅ አለባችሁ አሉ። በ1985 መኸር ወራት ቤተ እስራኤሎች እየሩሳሌም ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ሜዳ ላይ ተቀምጠው ተቃወሙ። አዳሪ ትምህርት ቤቶቹም አብዛኞቹ ሃይማኖታዊ ስለነበሩ ልጁ በየቀኑ የሚማረው የአባቱ ጸሎት ጎደሎ፣ የአባቱ ቄስ ሕግ የማያውቅ መሆኑን ነበር። በሱዳን «አይሁድ ነኝ አትበል» ተባለ፤ በእስራኤል «አይሁድ መሆንህን አስመስክር» ተባለ። ጎበዝ፣ ትልቅ ሰውንስ አያሳብድም?

«እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው!»

አስተማሪዎቹ ግን ደስ ብሏቸዋል። ልጆቹ አይጮኹም፣ አይሳደቡም፣ ሲጠሯቸው ይነሳሉ፣ ሲያናግሯቸው አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» ይላሉ። እስራኤል ውስጥ ልጅ ከአስተማሪው ጋር እኩል እየተከራከረ ነው የሚያድገው። ስለዚህ «ጸጥተኛ፣ ገር፣ ጨዋ» የሚለው ስም ቶሎ ወጣላቸው።

እኛ እናውቃለን፤ አንገት መድፋት አክብሮት ነው። «እሺ»ም ሁልጊዜ እሺ ማለት አይደለም፤ «ሰምቻለሁ»፣ «አልከራከርዎትም»፣ አንዳንዴም «በጭራሽ አላደርገውም ግን አላስቀይምዎትም» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ግን ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው፣ ዓይኑን የሰበረውን ጤነኛ ልጅ «የተዘጋ፣ የሚደብቅ፣ የደነዘዘ» ብሎ ይመዘግበዋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ በእውነት የታመመውን ልጅ «ዝም ማለት ባህላቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጨዋነት እንደ በሽታ ታየ፤ በሽታ እንደ ጨዋነት ታለፈ።

ከእነዚህ ልጆች ጋር ለዓመታት የሠራ ጋዲ ቤንኤዘር የሚባል እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ። በ1990 ያሳተመው አንድ ጥናት የኛን የሆድ ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ የኢትዮጵያ ልጆች መብላት ያቆማሉ። የቀረበላቸውን ምግብ ይገፋሉ፣ ቢውጡም አይረጋላቸውም፣ ከስተው ሐኪም ቤት ይገባሉ። ሐኪሞቹ መጽሐፋቸውን ገልጠው «አኖሬክሲያ» የሚለውን ስም አገኙ፤ ያ ወፈርኩ ብለው ራሳቸውን በረሀብ የሚቀጡ ልጃገረዶች የሚይዛቸው በሽታ። ግን ልክ አልመጣም። እነዚህ ልጆች ስለ ውፍረትና ቅጥነት ጉዳያቸውም አልነበረም።

ቤንኤዘር ያስተዋለው እኛ ከእናታችን ጓዳ የምናውቀውን ነው። ለኢትዮጵያዊ ስሜት የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሐዘኑና ጭንቀቱ ሆድን ሲሞላው ለምግብ ቦታ አይተርፍም። ልጁ ምግብ አልጠላም፤ ሆዱ ሞልቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ በግድ ማብላት ሳይሆን የሞላውን ማጉደል ነው። ምንድን ነው የሞላው? ማን ሞተብህ? ማን ቀረብህ? ምን አይተህ ዝም አልክ?

እዚህ ላይ ሳነብ የቆምኩት ለምን መሰላችሁ? ማንኛዋም የኢትዮጵያ እናት ሳህኑን ገፋ ያደረገ ልጅ ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን ሆድ አስባሰህ?» ብላ ነው። ሙሉ ሆስፒታል ያጣው ጥያቄ ይህ ነበር። ጥያቄውን የምታውቀዋ ሴት ደግሞ ጎንደር ቀርታለች።

ቤንኤዘር በ2002 ባሳተመው መጽሐፉ በልጅነታቸው መንገዱን የተጓዙ 45 ወጣቶችን ታሪክ ይዞልናል። ከትረካዎቹ ውስጥ ደጋግመው የወጡ ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ አይሁድነታቸው፣ መከራቸውና ጀግንነታቸው። ሦስተኛዋን ልብ በሉ። ወጣቶቹ ራሳቸውን የሚያዩት በረሃ ያቋረጡ፣ የቻሉ ሰዎች አድርገው ነው። የተቀበላቸው ሕዝብ የሚያያቸው ደግሞ ከረሀብ የታደጋቸው፣ መብራት ማብራት የማያውቁ ምስኪኖች አድርጎ ነው። ጀግና ነኝ ብሎ የመጣን ልጅ ሲያዝኑለት መዋል፣ ምንም በቀና ልብ ቢሆን፣ ልጁን ያሳንሰዋል።

እናት ስትመጣ

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ሌላ ጭንቅ ላይ ነበረች። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከወጡ ገና ሦስት ቀናቸው፤ ኢሕአዴግ ደጅ ላይ ነው። በእነዚያ 36 ሰዓታት ያህል ውስጥ «ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎችን ጭኖ ወጣ። ወንበራቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች፣ በአንዱ ጃምቦ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፍሮ።

በቴሌቪዥን ያየነው እቅፍ ነው። እቅፉም እውነት ነው። ግን ቴሌቪዥን ከሄደ በኋላስ?

እናት ያገኘችው ሌላ ሰው ነው። የሸኘችው እረኛ ልጅ አሁን ጺም አውጥቶ፣ ጭንቅላቱ ላይ ኪፓ ደፍቶ፣ አማርኛውን እየሰበረ ይናገራል። ስሙም ሌላ ነው። አባት አገሩ ላይ ሽማግሌ ነበር፤ ሲናገር የሚሰማ፣ ሲፈርድ የሚፀና። አሁን ግን በመጤ ማቆያና በካራቫን መንደር ተቀምጦ የመብራት ሒሳብ ወረቀት የሚያነብለት ልጁ ነው። ሐኪም ዘንድ የሚያስተረጉምለት ልጁ ነው። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ፣ አስተማሪዋ ስለ ልጁ ጥፋት የተናገረችውን ለአባቱ የሚተረጉመው ያው ልጁ ነው! (ምን ብሎ እንደሚተረጉም ለእናንተ እተወዋለሁ።)

ይህ ሲያወሩት ያስቃል። ሲኖሩት ግን ልጅን ያለ ዕድሜው አባት፣ አባትን ያለ ዕድሜው ልጅ ያደርጋል። ልጁ የቤቱ አፍ ስለሆነ መውደቅ አይፈቀድለትም። የእናቱን ሕመም ለሐኪም ሲነግር የዋለ ልጅ የራሱን ለማን ይንገር? ለእናቱ? እሷ የስንት ሰው መርዶ ተሸክማ የመጣች ናት፤ እንዴት ይጨምርባት። ስለዚህ ያችን ከመንገድ ያመጣትን ጥበብ ያወጣል። ሆድ ይፍጀው። በረሃ ላይ ያተረፈችው ዝምታ አሁን ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ታፍነዋለች።

ውጤቱ በየቦታው ታየ። ከትምህርት የሚያቋርጥ፣ መጠጥ የሚጀምር፣ ከሠራዊቱ የሚጠፋ ወጣት መጣ። ራሳቸውን የሚያጠፉ ቤተ እስራኤሎች ጉዳይ በ1990ዎቹ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ቤተሰብ ለቤተሰብ እየጠየቁ የሚያጠኑት ርዕስ እስከመሆን ደረሰ። «ጸጥተኛ፣ ገር» ሲሏቸው የነበሩትም ሰዎች ደንግጠው «ምን ሆኑ እነዚህ ልጆች?» አሉ። ልጆቹ ግን አዲስ ነገር አልሆኑም። ድሮም ሆነው ነበር።

ደም

ጃንዋሪ 1996 ላይ «ማአሪቭ» ጋዜጣ አንድ ዜና ይዞ ወጣ። የእስራኤል የደም ባንክ ከኢትዮጵያውያን የሚለገሰውን ደም ለዓመታት እየተቀበለ፣ ኤች አይ ቪን ፈርቶ በድብቅ ሲደፋው ኖሯል። ለጋሾቹ አልተነገራቸውም። እንዳይከፋቸው ተብሎ ነው አሉ። ደምህን እንወስዳለን፣ እናመሰግናለን፣ ከበር ስትወጣ እንደፋዋለን።

ከለጋሾቹ ውስጥ ወታደሮች ነበሩ። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ስማቸውን የቀየሩ፣ ዕብራይስጡን አጥርተው የተናገሩ፣ አሁን እንደማንኛውም ልጅ ሆንን ያሉ ወጣቶች። ጥር 19 ቀን 1988 ዓ.ም (ጃንዋሪ 28 ቀን 1996) 10,000 የሚያህል ሰው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጣ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ውኃ ረጨ። «ጸጥተኞቹ» ጮኹ። መንግሥትም የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የመሩት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

ስለ ድብርት በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ሰላማዊ ሰልፍ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ይሠራል። የስደተኛን ወጣት ጭንቀት ስንሰማ ቶሎ ብለን «አገሩ ናፍቆት ነው»፣ «መንገድ ላይ ያየው ነው» እንላለን፤ ሸክሙን ይዞት እንደመጣ ሻንጣ እናየዋለን። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን እዚያው ከደረሰ በኋላ የተሰጠው ነው። በረሃውን የተሻገረ ልጅ የሚሰብረው አንዳንዴ በረሃው አይደለም፤ ከበረሃው ማዶ «አንተ ከኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህም ማስረጃው፣ ሱዳንን በዓይናቸው ያላዩ፣ እዚያው የተወለዱ ወጣቶች በ2015 እና በ2019 የፖሊስን ድብደባና ግድያ በመቃወም አደባባይ መውጣታቸው ነው። ሻንጣው የእነሱ አልነበረም። ጥያቄው ግን የእነሱም ሆኖ ቆየ።

የጎደለው ሰው

ታዲያ ምን ተሻለ? በአንድ ቀን የተሻለ የለም። የተሻለው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ነበረው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መሃል ሲገባ።

ከመጀመሪያዎቹ መጤዎች ውስጥ ነርስ፣ የማኅበራዊ ሠራተኛና አስተማሪ የሆኑ ወጣቶች ወጡ። በ1990ዎቹም ስሙን ከኛው ፊደል የወሰደ «ፊደል» የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ የቤተ እስራኤል ተወላጆችን እያሠለጠነ በየትምህርት ቤቱ አስታራቂና አገናኝ አድርጎ አስቀመጠ። ሥራቸው ቀላል ይመስላል፤ ለአስተማሪዋ «ልጁ አንገቱን የደፋው አክብሮሽ ነው» ይላሉ፤ ለአባቱ «ልጅህ የተከራከረህ ንቆህ አይደለም፣ እዚህ እንዲህ ነው የሚማሩት» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ልጁን ከአስተርጓሚነት ሥራው ያሳርፉታል። ልጅ ሆኖ እንዲቀመጥ፣ ቢያስፈልግም እንዲያለቅስ።

ሌላው መድኃኒት መናገር ነው። ስለ ሱዳን መንገድ ለዓመታት ያልተወራው ቀስ በቀስ ተወራ፤ በመጽሐፍ፣ በትያትር፣ በየቤቱ። በ2007 እየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ ላይ በመንገድ ለቀሩት የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ፤ በየዓመቱ በእየሩሳሌም ቀን ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ሃያ ምናምን ዓመት የዘገየ ልቅሶ ማለት ነው። ግን ልቅሶ ነው። መርዶው በስተመጨረሻ ተነገረ፤ የሞተ ሞተ ተባለ፤ እናቶች በአደባባይ አለቀሱ፤ ልጆቻቸውም እያዩ። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩት ኢትዮጵያውያንና ተወላጆች ከ160,000 በላይ ናቸው። ከእነሱ መካከል ያንን መንገድ በልጅነቱ የሄደ አሁን ጠጉሩ ሸብቷል።

ወደ እኛ

መጀመሪያ ላይ እስከ መጨረሻው ድረስ ስለ እኛ አይደለም ብያችሁ ነበር። መጨረሻው ደረሰ።

ከመካከላችን ውጭ አገር የሄደ ታናሽ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ጓደኛ የሌለው ማነው? በዲቪ ከወላጅ ጋር የሄደ፣ አባት ቀድሞ ሄዶ ከስንት ዓመት በኋላ ያስመጣው፣ በቤይሩትና በሪያድ በኩል የዞረ፣ በሊቢያ የባሰውን ያየ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ተነቅሎ ሄዶ አዲስ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ አለ። ስሙን አስተማሪው መጥራት አቅቶት አሳጥሮለታል። ከትምህርት ቤት መልስ ለእናቱ የሐኪም ቀጠሮ ያስተረጉማል። እናቱ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ማታ ስትመጣ ደክማለች። ሳህኑን ገፋ ሲያደርግ የምታይበት ሰዓት የላትም።

በበዓል ቀን እንደውልለታለን። ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞራል። «እንዴት ነህ? ወፈርክ? በረዶው እንዴት ነው? ታድለህ!» እሱም «ደህና ነኝ» ይላል። ምን ይበል? ዕድለኛ ነህ የተባለ ሰው ከፍቶኛል ለማለት አፉን በየት በኩል ይከፍታል? ድምፁ ትንሽ ከቀዘቀዘ «ኮራብን» እንላለን። ምስኪን፣ የኮራ መስሎን።

«ሆድ ይፍጀው» ስንል ሆድ ነገሩን ፈጅቶ ይጨርሰዋል ብለን ነው። የእነዚያ ልጆች ታሪክ ግን አንዳንዴ ነገሩ ሆዱን እንደሚፈጀው ያሳያል። ዝምታ መንገድ ላይ ስንቅ ነው፤ ከደረሱ በኋላ ግን የሚያራግፈው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ባለሙያ ቢሆን መልካም ነው። ድብርት በአይዞህ ብቻ የማይለቅ፣ የሚታከም ሕመም ስለሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነውር የለውም። ከሐኪሙ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ እኛ በነጻ የያዝነው፣ ያ ሁሉ ሆስፒታል ያጣው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስልክ በረዶውን እንተወውና እንዲህ እንበለው፤ «ቆይ እስኪ፣ ምግብ ትበላለህ? ምን ሆድ አስባሰህ?»

ከዚያ ዝም እንበል። እሱ እስኪናገር።

ቸር ይግጠመን።